የሆስፒታሉ ስሪንጅና የሚጥሚጣ ኢንሱሊን፦ ድንገተኛ የእንስሳት ሆስፒታሎችን የሚቆጣጠረው ማን ነው?

ዳቦ ጋጋሪው (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረጅም ነውና ታገሡኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ድመቴ ድንገተኛ የእንስሳት ሆስፒታል አደረች፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለጥቂት ተረፈች። አሁን እርሷ ደኅና ናት። እኔን ግን ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ የተጋደሙ ሁለት ስሪንጆች እንቅልፍ ነሥተውኛል።

ለድመት ሆስፒታል ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ እኔም ስቄ አውቃለሁ። ያደግሁበት ቤት ድመት ለአይጥ ነበረች፤ ስም እንኳን አልነበራትም። ይህችን ያመጣት ልጄ ናት። ኮሌጅ ስትገባ «አባዬ፣ ለአንድ ወር ብቻ» ብላ ትታልኝ ሄደች፤ ይኸው አራተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። ስሟን ሚጥሚጣ ያለቻትም እርሷው ናት፤ ለጠጉሯ ቀለም ብላ ነው ትላለች፣ እኔ ግን ለጠባይዋ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ውኃ እየደጋገመች ስትጠጣና ስትከሳ ወሰድኳት፤ ስኳር ተገኘባት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት፣ ግላርጂን የሚባል ኢንሱሊን ሁለት ሁለት ዩኒት እወጋታለሁ። መድኃኒቱ የሰው ነው። እናቴም የምትወስደው እርሱን ስለነበር እጄ ለመርፌው አዲስ አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ አስመለሳት፤ ምግብ አልነካችም። የዘወትር ሐኪሟ ስለተዘጋ ወደ ድንገተኛው ሆስፒታል ሄድኩ። የኢንሱሊን ጠርሙሷን በበረዶ ቦርሳ ይዤ ነበር። ግምቱ ከ1,900 እስከ 2,800 ዶላር ነው ተባልኩ፤ ዝቅተኛውን በቅድሚያ ከፈልኩ። ልቧ ቢቆም እንሞክርላት ወይስ እንተዋት የሚል ወረቀትም ፈረምኩ። ስለ ድመት እንዲህ ያለ ነገር እጠየቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ሐኪሟ ወጣት፣ ትሑት፣ ዓይኗ በድካም የቀላ ነበረች። «ቆሽቷ ሳይቆጣ አይቀርም፤ ትደር» አለች። ጠርሙሱን ሰጠኋትና «ሁለት ዩኒት፣ ማታ 2 ሰዓት» አልኳት። ጻፈች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ስልክ ተደወለ። የደም ስኳሯ 28 ወርዷል፣ ተንቀጥቅጣለች፣ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ለማታውቁት፣ ድመት ላይ ከ70 በታች ሲሆን ነው መጨነቅ የሚጀመረው። ተጨማሪ ሌሊት አደረች፤ ለዚያም ተጨማሪ 1,140 ዶላር መጣ።

ሰኞ ልወስዳት ስሄድ ጠርሙሴንና ስድስት አዳዲስ ስሪንጆች በከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ሳወጣቸው ክዳናቸው ቀይ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምጠቀምበት ብርቱካናማ ክዳን አለው። መጀመሪያ ድርጅቱ ሌላ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳነብ ቀዩ ላይ «ዩ-40»፣ ብርቱካናማው ላይ «ዩ-100» ይላል።

ሥራዬ ለአውሮፕላን መንገደኞች ዳቦ መጋገር ነው። እርሾ የምመዝንበት ግራምን መቶ ቦታ ከፍሎ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ቤቴ አለኝ። በብርቱካናማው እስከ 2ኛው መስመር ውኃ እየሳብኩ ሃያ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ጨመርኩ፤ 0.41 ግራም መጣ። በቀዩም እንዲሁ እስከ 2ኛው መስመር ሃያ ጊዜ፤ 0.98። ተመልከቱ፣ የሁለቱም መስመር «2» ነው የሚለው። ቀዩ የተሠራው በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለያዘ ኢንሱሊን ሲሆን የእኔ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ይዟል። በቀዩ «ሁለት» ብሎ የሳበ ሰው ድመቴን አምስት ወግቷታል ማለት ነው።

ሆስፒታሉን ደውዬ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ «የማይበላ ድመት ላይ ስኳር መውረድ የሚጠበቅ ነው» አለኝ። ስለ ክዳኑ ቀለም ስነግረው ዝም አለ። በማግሥቱ ኢሜይል መጣ፦ ወረቀት ከፈረምኩ 1,140 ዶላሩ ይሰረዝልኛል። ወረቀቱ ጉዳዩ ማለቁን፣ እኔም ስለ ጉዳዩ ለማንም እንደማልናገር ይገልጻል።

እኔ በምሠራበት ቦታ አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ሊጥ ውስጥ ከተገኘች መስመሩ ይቆማል፣ የሊጡ ቁጥር ይመዘገባል፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ይጻፋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ መዝገቡን ያያል። ማንም ባይታመምም። ታዲያ የኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ እኔ ዝም ብል፣ የዚያ ሌሊት ነገር በየትኛው መዝገብ ላይ ነው የሚገኘው? እነዚህን ቦታዎች ከውጭ የሚያያቸው አለ? ወረቀቱንስ ልፈርም?

---

የአዳምስ ሞርጋኑ

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፈችልህ። ግን ሦስት ሺህ ዶላር ለድመት? በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ሁለት ወይፈን ትገዛ ነበር። የቀረውን ይሰርዙልህ፣ ፈርመህ ተገላገል። ፍርድ ቤትም ብትሄድ ድመት ነው የሚሉህ።

---

ሲስተር ማታ ተረኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እንኳን ተረፈችልዎ። የሃያ ጊዜውን ሚዛን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እኛ ሆስፒታል ቢቀጠሩ ጥሩ የጥራት ተቆጣጣሪ ይወጣዎታል።

እኔ 17 ዓመት የሰው ነርስ ነኝ። ኢንሱሊን እኛ ዘንድ ስህተቱ ብርቱ ጉዳት ከሚያደርስ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። በእኛ ክፍል ደንብ ብቻዬን ስቤ አልሰጥም፦ ሌላ ነርስ ትጠራለች፣ ትእዛዙን ራሷ ታነባለች፣ ጠርሙሱንና ስሪንጁን ታያለች፣ ከዚያ ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ላይ እንፈርማለን። በሥራ ብዛት የምንማረርበት ደንብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ አድኖኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀኑንና የታካሚውን አልጋ አስታውሳለሁ።

የርስዎን ታሪክ ሳነብ ግን የገባኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ የስሪንጅ መምታታት እኔ በሥራዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። የተሻልን ሰዎች ስለሆንን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሰው ዩ-40 ኢንሱሊን ከገበያ ከወጣ አሠርት ዓመታት ስላለፉት፣ ቀይ ክዳን ያለው ስሪንጅ እኛ መሳቢያ ውስጥ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ በስህተት አይነሣም። የእንስሳት ሆስፒታል ግን ሁለቱንም ዓይነት መያዝ ግድ ይሆንበታል፦ ለውሻና ለድመት ተብለው የተሠሩት ቬትሱሊንና ፕሮዚንክ ዩ-40 ናቸው፤ ግላርጂን ዩ-100 ነው። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ «ማን ወጋት?» አይበሉት። አንዲት ልጅ ያባርርና ነገሩ ይዘጋል። «ሁለቱ ስሪንጆች የሚቀመጡት አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ወይ?» ይበሉት።

እኛ ዘንድ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ነገሩ ከሥሩ ተመርምሮ ይጻፋል፤ ሆስፒታሉን የሚመዝነው አካልም ይጠይቀናል። ለእንስሳት ይህ ይኑር አይኑር ዶክተር ቢሾፍቱ ይንገሩን። በዚህ መድረክ አሉ።

---

ቢሾፍቱ የተማርኩት (ሜሪላንድ)

አለሁ እህቴ። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህ ግን ዲግሪዬን የሚያረጋግጠውን ሂደት ጨርሼ የፈቃድ ፈተናውን እስካልፍ ድረስ ድንገተኛ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ነው የምሠራው። ሌሊት ነው የምገባው። ስለዚህ የማወራው ከውስጥ ሆኜ ነው።

ጋሼ ዳቦ ጋጋሪ፣ መጀመሪያ የማይወዱትን ልንገርዎ። ሚዛንዎ ትክክል ነው፤ ሒሳብዎም ትክክል ነው፤ ግን እስካሁን ያረጋገጡት ሰኞ ዕለት ቀይ ክዳን እንደተሰጠዎ ብቻ ነው። ከረጢቱን የሞላው የቀን ተረኛ ከሌላ መሳቢያ አንስቶ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ማታ በየትኛው እንደተሳበ አላዩም። ይህን የምለው ሆስፒታሉን ለመከላከል አይደለም። መርማሪም ቢመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ስለሚሆን ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ለእነርሱ የባሰ ነው። ስሪንጁ ትክክለኛው ነበር እንበል። ቀኑን ሙሉ ያስመለሳትን፣ ምግብ ያልነካችን ድመት ቤቷ የምትወስደውን ሙሉ መጠን መውጋት በራሱ ጥያቄ ያስነሣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይዘለላል፣ የደም ስኳሯም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይለካል። «የማይበላ ድመት ላይ የሚጠበቅ ነው» ያለዎት ሰው ሳያስበው በራሱ ላይ መስክሯል፤ የሚጠበቅ ከሆነ ለምን አልጠበቁትም? ስለዚህ የሕክምና መከታተያ ቅጹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ደረሰኙንና ወደ ቤት ስትወጣ የተሰጠዎትን ማጠቃለያ አይደለም፤ በየሰዓቱ የሚሞላውን ቅጽ ነው። መርፌው የተሰጠበትን ሰዓት ያግኙ፤ ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ የሚቀጥለው የስኳር ልኬት መቼ እንደሆነ ይፈልጉ። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከክዳኑ ቀለም የበለጠ ይናገራል።

አሁን የሌሊቱን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት አንድ ሐኪም፣ ሦስት ረዳቶች፣ አሥራ አራት የተኙ እንስሳት ነበሩን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሆዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ውሻ መጣ። ይህ በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ የሚገድል ነው። ሐኪሟና ሁለቱ ረዳቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ለአሥራ አራቱ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሽንቱ የታገደበት ወንድ ድመት ነበር፤ የልብ ምቱን ከማሽኑ ላይ ማየት ነበረብኝ። የአይጥ መርዝ የበላ ቡችላም ነበር። ስልክ ይጮኻል። በዚያ ሰዓት «የ8 ሰዓት ልኬት» የሚል መስመር ሰሌዳው ላይ ይታየኛል፣ እጄ ግን አይደርስም። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ባዶ የተውኩት ግን አለ። ባለቤቶቹ ደውለው አያውቁም፤ እንስሶቹ ስለዳኑ።

ማን ይቆጣጠራል ላላችሁት፦ ሥልጣኑ ያለው በየግዛቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች ቦርድ አለ፤ የሚገኘው በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር ነው። ከበቆሎና ከዶሮ ጋር ማለት ነው፤ እኔ ከግብርና ሚኒስቴር ስለመጣሁ አልተገረምኩም። ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉንም ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ተቆጣጣሪም ይልካል። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ እኔ ነበርኩ። ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ፈለገች፤ የአደንዛዥ መድኃኒቶችን መዝገብ ከቀሪው ጋር አስታረቀች፤ ንጽሕናውን፣ የራጁን ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አየች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ያለፈበት አንድ ጠርሙስ አግኝታብናለች። «ባለፈው ወር በእናንተ ስህተት የተጎዳ ስንት ነው?» ብላ ግን አልጠየቀችም። ብትጠይቅም የምናሳያት መዝገብ የለም። በመላው አሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች የሕክምና ስህተታቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ አንድ የፌዴራል ሥርዓት የለምና። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ አለ፤ የድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ማኅበሩም በደረጃ የተከፈለ የራሱ አለው። ጥሩ ናቸው፤ ግን የሚፈልግ ነው የሚገባባቸው። ብዙው አልገባም። በራፉ ላይ «ድንገተኛ፣ 24 ሰዓት» ብሎ ለመጻፍ እነርሱን ማግኘት ግዴታ አይደለም።

ሲቆጠር ምን እንደሚገኝ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁና ልተኛ። እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ማደንዘዣ የተሰጣቸውን ወደ 98,000 ውሾችና 79,000 ድመቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን አወጡ። ከውሾቹ 0.17፣ ከድመቶቹ 0.24 በመቶ ሞተዋል። እኔን ያስደነገጠኝ መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፦ ከሞቱት ድመቶች ከግማሽ በላዩ፣ ከውሾቹም ግማሽ ገደማው የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት። ሁሉም «አለቀ፣ ተሳካ» ብሎ ዘወር ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከቀዶ ሕክምና የወጣ እንስሳ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ያ ጥናት ባይቆጥር ኖሮ እኔም ከሌሎቹ ጋር ቡና ልቀዳ እሄድ ነበር።

አንድ ነገር ረሳሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ለእንስሳት 1932ኤ የሚባል ቅጽ አለው፤ የመድኃኒት ስህተትንም ይቀበላል፣ የእንስሳው ባለቤትም መሙላት ይችላል። ሆስፒታሉን አይቀጣም። ግን «በየትኛው መዝገብ» ላሉት፣ ቢያንስ አንድ መዝገብ ያ ነው።

---

ዳቦ ጋጋሪው

ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። ክዳኑን ይዤ መንጎዴ እውነት ነው። የሕክምና መከታተያ ቅጹን ዛሬ በኢሜይል ጠይቄያለሁ።

የአዳምስ ሞርጋኑ ጋሽዬ፣ ስለ ወይፈኖቹ አመሰግናለሁ። አባቴ ወይፈኑ ሲታመም ሌሊት ፋኖስ ይዞ በረት ያድር ነበር፤ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ሲያሰላ አላየሁትም። ደግሞ ገንዘቡን አልጠየቅሁም። ገንዘቡን ያነሡት እነርሱ ናቸው።

ሲስተር፣ የመሳቢያዋን ጥያቄ ወስጃታለሁ።

---

የአናንዴሏ

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አቤቱታ አስገብቼ ስለማውቅ መንገዱን ልንገርዎ። ውሻዬ ነበር፤ ታሪኩን አላነሣውም።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ አይደሉም። እኛ ዘንድ የእንስሳት ሕክምና ቦርዱ ያለው በጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ ሐኪሞችና ነርሶች ፈቃድ ከሚያገኙበት ከዚያው ቤት። ሆስፒታሉም ራሱ መመዝገብ አለበት፤ ኃላፊ ሆኖ የተመዘገበ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሊኖረው ግድ ነው። ጋሼ፣ እስካሁን ያነጋገሩት ሥራ አስኪያጁን ነው፤ እርሱ ሐኪም ላይሆን ይችላል፣ ቦርዱም ሊነካው ላይችል ይችላል። ኃላፊ ሐኪሙ ማን እንደሆነ ይጠይቁና ለዚያ ሰው በጽሑፍ ይላኩ። የሐኪሟንም ሆነ የሆስፒታሉን ፈቃድ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስም አስገብተው ማየት ይችላሉ፤ ከዚህ በፊት ተቀጥተው ከሆነ ውሳኔው እዚያው ይወጣል።

ሌላም አለ። እዚህ ግዛት፣ እንስሳ ሌሊቱን ሰው በሌለበት የሚያድር ከሆነ ለባለቤቱ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። ድንገተኛ ሆስፒታል ሰው እንዳለው ይታመናል፤ የዘወትር ሐኪምዎ ዘንድ ሲያሳድሯት ግን ይህን ይጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር።

አቤቱታ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም። ጽፌ ላክሁ፤ መርማሪ ደወለችልኝ፤ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ ዝምታ። ምርመራው ሚስጥር ስለሆነ ስደውል «በሂደት ላይ ነው» ከማለት በቀር አይነግሩኝም። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ገጽ ደብዳቤ መጣች፦ ማስረጃው ለቅጣት አይበቃም። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። በኋላ የሰማሁት ግን ያ ሆስፒታል ማታ ተጨማሪ ሐኪም እንደቀጠረ ነው። በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም።

ቦርዱ ገንዘብ አያስመልስም፤ ያንን የሚፈልግ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። በቨርጂኒያ ሕግ ውሻና ድመት የግል ንብረት ናቸው ተብሎ ተጽፏል፤ ጠበቃ ሳነጋግር የወንበር ዋጋ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። እስከ 5,000 ዶላር ለሆነ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት አነስተኛ ችሎት ግን አለ፤ የሆስፒታሉን ክፍያ ለማስመለስ እርሱ ይበቃል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ጠበቃ ሳያነብልዎ አይፈርሙ። የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው። በተለይ «ለማንም አልናገርም» የሚለው ቦርዱንም ይጨምር እንደሆነ ያስነብቡ።

---

ከለንደን

በእኛም ያው ነው፤ እንዲያውም የባሰ። እዚህ ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1966 ነው፤ የንጉሣዊው የእንስሳት ሐኪሞች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን ሐኪሞቹን የሚመዘግበው አካል ነው) ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ ክሊኒኩን በሕግ የሚጠይቅበት ሥልጣን አልተሰጠውም። ሐኪሞቹ የተቀጠሩበት ኩባንያ ስንት ሰው ሌሊት እንደሚመድብ የሚወስነው ሌላ፣ ስህተት ሲመጣ ኮሌጁ ፊት የሚቆመው ሌላ። ክሊኒኮች በፈቃዳቸው የሚገቡበት የደረጃ መርሐ ግብር አለ፤ ከግማሽ በላዩ ገብተዋል። ሐኪሞች ስህተታቸውን ስማቸው ሳይጠቀስ የሚመዘግቡበት ሥርዓትም አለ፤ የጀመረው መንግሥት ሳይሆን የሐኪሞቹ የመድን ተቋም ነው። ካሣ የሚከፍለው ነው መቁጠር የጀመረው። ሌላ የምጨምረው የለኝም፤ ለሚጥሚጣ ሰላምታ።

---

ዳቦ ጋጋሪው

ሦስት ሳምንት ሆነ። የጠየቃችሁኝም ስላላችሁ የሆነውን ልጻፍ።

ቅጹ በዘጠነኛው ቀን መጣ። አራት ገጽ ነው። ስትገባ የደም ስኳሯ 291። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10፦ «ግላርጂን 2ዩ» እና ሁለት ፊደል፣ የወጋው ሰው ስም መጀመሪያ። ስሪንጁ የትኛው እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም፤ ዶክተር እንዳሉት ይህን ማወቅ አልችልም። «ዩኒት» እንኳን ተብሎ አልተጻፈም፣ የእንግሊዝኛው «ዩ» (U) ብቻ። ለሲስተር ፎቶውን ስልክላት ያቺ ፊደል በእጅ ስትጻፍ ዜሮ መስላ ሁለቱ ሃያ ሆኖ እንደሚነበብ፣ እነርሱ ዘንድ በአሕጽሮት መጻፍ ከተከለከለ እንደቆየ ነገረችኝ።

ከዚያ እንደተባልኩት በጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ የስኳር ልኬት፦ ባዶ። 6 ሰዓት፦ ባዶ። ቀጣዩ ቁጥር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ5 ላይ ነው፦ 28፣ «ታካሚዋ እየተንቀጠቀጠች ተገኘች»። ስድስት ሰዓት ከአምሳ አምስት... አይ፣ ተሳሳትኩ፤ አምስት ሰዓት ከአምሳ አምስት ደቂቃ። በእርሷ ጉዳይ እኔም እንዳልቆጥር ሆኛለሁ። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ማን እንደገባ፣ የትኛው ውሻ ሆዱ እንደተጠማዘዘ አላውቅም። ዶክተር የጻፉትን ካላነበብኩ ኖሮ አንድ ሰነፍ ተኝቶ ነበር ብዬ እደመድም ነበር።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ለጠበቃ 250 ዶላር ከፍዬ አስነበብኩት፤ «ቦርዱን ጨምሮ» የሚል ቃል የለበትም፣ «ለማንኛውም ሦስተኛ ወገን» ይላል፤ እርሱ ራሱ ፈገግ አለ። 1,140ውን ከፈልኩ። ልጄ «አባዬ፣ አብደሃል» አለችኝ። ይሆናል።

አቤቱታውን ለቦርዱ አስገባሁ፦ ሁለት ገጽ፣ ቅጹ፣ የሁለቱ ስሪንጆች ፎቶ ከሚዛኑ ጋር። ቀዩን ስሪንጅ በተመለከተ «ቅዳሜ በየትኛው እንደተሳበ አላየሁም» ብዬ ጽፌያለሁ። ጠበቃው አውጣው አለኝ፤ አላወጣሁትም። 1932ኤንም ሞላሁ።

ለኃላፊ ሐኪሙ የላክሁት ደብዳቤ ግን ያላሰብኩትን አመጣ። ባለፈው ማክሰኞ ራሳቸው ደወሉ። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስለ ስድስቱ ሰዓታት ጠየቅኋቸው፤ «በጠበቃ ምክር በዚህ ላይ መናገር አልችልም» አሉ። ገባኝ። ከዚያ የሲስተርን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ቀዩና ብርቱካናማው አንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው? ዝም አሉ። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «ይጠብቁኝ» አሉኝና ስልኩን አስቀመጡት። የእግር ኮቴ ይሰማኛል፣ በር ይከፈታል፣ የሆነ ውሻ ያላዝናል፣ መሳቢያ ሲሳብ ይሰማል።

ተመልሰው ሲመጡ «አዎ፣ አንድ ላይ ናቸው» አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጨመርኩም። ስልኩን ስዘጋ ማታ 2 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ሚጥሚጣ ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ብርቱካናማውን አወጣሁ።